በንጹህ ውሃ የተለካ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራተኛው ሳንባ ተቀደደ። ትርሲት ከመስታወት ሳጥኑ አውጥታ ጣለችውና አምስተኛውን ሰቀለች። ሳንባዎቹ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሴል የሚበቅሉ ናቸው። አምስተኛውም የሚሞከረው መድኃኒት እንደገባበት ሁለት ጊዜ ተነፈሰና ሮዝ አረፋ ተፋ። የገዛ ተከላካይ ሴሎቹ ከውስጥ ቦጫጭቀውታል።

ትርሲት የጠረጠረችው በመድኃኒቱ ውስጥ ያሉትን ናኖቅንጣቶች ነው። ከቀይ የደም ሴል መቶ ጊዜ ያህል የሚያንሱ፣ ለሰውነት ተከላካዮች ጠላትን እንዲያሳዩ የተሠሩ ብናኞች ናቸው። መለኪያው ግን መጠናቸውም፣ የላያቸው ኤሌክትሪክም፣ ሽፋናቸውም ትክክል ነው አለ። እንደ ደንቡ የመለኪያውን ጽዋ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ አጥባ፣ ቅንጣቶቹን በተጣራ ውሃ በጥብጣ እንደገና ለካች። ያው ሰማንያ ናኖሜትር።

በአራት ሰዓት ይኸው መድኃኒት ከግድግዳው ጀርባ ታመው ለተኙ አሥራ ሁለት ሕፃናት በቧንቧ ይለቀቃል። ቧንቧውን ልትቆርጥ መቁረጫ አነሳች።

«እትዬ ትርሲት፣ እሱን ያስቀምጡት» አለ ጥበቃው ቢልልኝ ከበሩ።

«ሳንባቸውን ይበጣጥሰዋል።»

«አለቆቹ ሳንባዎቹ ያረጁ ናቸው ብለዋል። እርስዎ ደግሞ ሰው ሲያስነጥሰው ከፈን የሚያስለኩ ነዎት።»

«ሐመልማል እዚያ ተኝታ የለም እንዴ? ልጅህ አይደለችም?»

«ልጄ ስለሆነች ነዋ። ዛሬ ካልተሰጣት ለነገ አትደርስም።»

ቧንቧውን ያዘች። ክንዷን ጠምዝዞ ከጠረጴዛው ጋር አላተማት፤ አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው። በደህና እጇ የሳንባ መስቀያውን ብረት አንስታ ግንባሩን መታችው። ደገመችው። ሦስተኛውን ለምን እንደጨመረች አታውቅም፤ ከሁለተኛው በኋላ ለቋት ነበር።

ቢልልኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ደሙ በመለኪያው ጽዋ ውስጥ ተንጠባጠበ። መሣሪያው ጮኸ። ቅንጣቶቹ የደሙን ፕሮቲን ደርበው ከሰማንያ ወደ ዘጠኝ መቶ አብጠዋል፤ ኤሌክትሪካቸውም ተገልብጧል። በስክሪኑ ላይ ነጭ የደም ሴሎቹ እርስ በርስ ይበላላሉ።

ቢልልኝ ደም ባልሸፈነው ዓይኑ ስክሪኑን አየ። አራት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የቧንቧውን ቁልፍ ከአንገቱ አውጥቶ ራሱ ዘጋውና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሐመልማልስ?» አለ።

«አላውቅም።»

ትርሲትም አጠገቡ ተቀመጠችና የተሰነጠቀ ግንባሩን በመዳፏ ጫነችው። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። በውሃ ፋንታ በደም ለመለካት ሁለት ጠብታ ይበቃ ነበር። ብትጠይቀው ጣቱን ይዘረጋላት ነበር።

ማናቸውም አላሰቡትም።