ኔትወርክ ያለበት ዛፍ

«አንድ ጊዜ ያየሁትን አልረሳም። እኔን ሸውዶ የተቀበረ ሰው እስካሁን የለም» አለች ምክትል ኢንስፔክተር ንጋቷ፣ ከቴፒ ካመጣት ሞተር ሳይክል ላይ እየወረደች። ባለሞተሩ ምንም አልጠየቃትም ነበር።

የተማሪው የብሩክ ሬሳ በቡናው መሃል፣ ቀፎ ከተሰቀለበት ትልቅ ዛፍ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ስልኩ አጠገቡ ወድቋል። መስታወቱ ቢሰነጠቅም የፈተናው ሦስተኛ ጥያቄ አሁንም ይነበባል።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውኃ አጥቶ በሴሚስተሩ አጋማሽ ሲዘጋ፣ መምህር ኤፍሬም ትምህርቱን ወደ ኢንተርኔት አዛወረው። በዚህ መንደር ደግሞ ኔትወርክ ያለው እዚህ ዛፍ አናት ላይ ብቻ ነው። ብሩክ ማር ቆራጮች እንደሚያደርጉት የአጎቱን ገመድ በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አስሮ ነበር የሚወጣው። ዛሬ ገመዱ የለም፤ ግንዱም በዝናብ ሙልጭልጭ ብሏል።

ንጋቷ መጀመሪያ ራሔልን ጠየቀች። የብሩክ ጎረቤትና የክፍሉ ልጅ ናት፤ በአንድ ስልክ ነበር የሚማሩት። ትናንት ሰኞ ከሰዓት ብሩክ ትምህርቱን አውርዶ ገመዱን እንደ ወትሮው ዛፉ ሥር አስሮት ሄደ። ዛሬ ጠዋት ሲመጡ አጡት።

«ታዲያ እያየሽ ለምን ወጣ?»

«ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋላ። መምህር ማካካሻ የለም ብሏል።» ራሔል አፏን በነጠላዋ ያዘች። «መጀመሪያ ያንቺን ልላክልሽ አለኝ። የኔን ልኮ ነው የራሱን የጀመረው።»

ቀጥሎ አጎትየው ጋሽ ከፈለኝ መጡ። ንቦቼን አባረረብኝ ብለው ሲዝቱበት ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ እሳቸውም አልካዱም። ግን ከእሑድ ጀምሮ ጌጫ ከተማ ነበሩ፤ ዛሬ ከዚያ ያመጣቸው የአይሱዙ ሾፌር መሰከረላቸው።

እናትየው ወይዘሮ ተሾመች ከልጃቸው ራስጌ ተቀምጠው ዝንብ ይከላከላሉ።

«ልብሱ እርጥብ ነው፤ ይበርደዋል» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ንጋቷ ድምፁን የሆነ ቦታ የሰማችው መሰላት። የት እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

የብሩክ፣ የራሔልና የአጎትየው ቤቶች ቡና የሚያስቀምጡበት አንድ መጋዘን ነበራቸው፤ ቁልፉም ያለው በራሔል፣ በጋሽ ከፈለኝና በወይዘሮ ተሾመች እጅ ብቻ ነው። ንጋቷ ከአንድ ጆንያ ውስጥ በደንብ የተጠቀለለ ገመድ አወጣች። ዳበሰችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ሬሳ ባለበት ቦታ ፈገግ አይባልም፤ እሷ ግን አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው። መምህር ኤፍሬምም ከሚዛን ከተማ ደርሶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ገመዱ አልተቆረጠም፤ ቋጠሮው በእጅ ነው የተፈታው» አለች ንጋቷ። «የተናደደ ሰው በገጀራ ይቆርጠው ነበር። ፈቶ የጠቀለለው ሰው ሊመልሰው አስቧል። ደግሞም ደረቅ ነው። ዝናቡ የጀመረው ትናንት ማታ ነውና ገመዱ የተነሣው ከዚያ በፊት፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። ጋሽ ከፈለኝ ያኔ ጌጫ ነበሩ። ራሔል ደግሞ ብሩክ ካልወጣ የሷም ፈተና አይላክም። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዝ ሌላ ሰው...»

ማንንም መጥራት አላስፈለጋትም። ሰዉ ሁሉ ወደ ወይዘሮ ተሾመች ዞሮ ነበር።

እሳቸውም አልካዱም። ከዚያ ከፍታ ይወድቅብኛል ብለው እንቅልፍ አጥተው ከርመዋል። ገመዱን ካጣ አይወጣም ብለው ነበር የደበቁት፤ ፈተናው ሲያልፍ ሊመልሱለት። ያለ ገመድ ይወጣል ብለው አላሰቡም።

ራሔል ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ንጋቷ ግን ማስታወሻ ደብተሯን እየዘጋች አንድ ነገር ጨመረች፤

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን ከሚሸከሙ ለእኛ ቢያመለክቱ ኖሮ እኮ እናስቆመው ነበር።»

ወይዘሮ ተሾመች ዝንብ መከላከላቸውን ትተው ቀና አሉ።

«ዓርብ ቴፒ ድረስ መጥቼ ነግሬሻለሁ። ኔትወርክ የፖሊስ ሥራ አይደለም ብለሽ መለስሽኝ። ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም።»