አንድ ተጠየቀ፣ ሁለት ተገኘ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፕሮግራመሯም ሁለት ዓመት ሙሉ አልረሳችም።

በአንድ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ከአራሚው ጋር ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ከ«ሀ» ጀምረው «መ» ላይ ሲደርሱ ተዋደዱ፤ «ቀ» ላይ ቀለበት አሰሩ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ግን ሽፋኑ ላይ ያለው የሱ ስም ብቻ ነበር። «ኮምፒውተሩ ነው የጣለው» አላት። ነጠላ ሰረዝ ስትጎድል ምሳ የማይበላ ሰው፣ የእጮኛው ስም ሲጎድል አላየም! ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለትና ወንበሯን ይዛ ሌላ ክፍል ገባች።

ኮምፒውተሩስ እውነትም ጥሎት ነበር። መዝገበ ቃላቱ የተቀመጠው እያንዳንዱ መረጃ በምልክት ተለይቶ በሚጻፍበት በኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ ለሽፋኑ የሚሆነውን ስም ከዚያ ፈልጎ የሚያወጣው የመጠየቂያ ቋንቋ ስሪት ደግሞ አሮጌ ነበር። አሮጌው የአዘጋጁን ስም ስጠኝ ሲባል ሁለት ቢያገኝም፣ ቀድሞ የተጻፈውን መዝዞ ሌላውን ድምፁን አጥፍቶ ይጥላል። የሱን ስም ያስቀደመችው ደግሞ ራሷ ናት። ፍቅር ነዋ! ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

የሁለተኛው እትም ጊዜ ሲደርስ፣ የድርጅቱ ኃላፊ ሥራውን ወደ አዲሱ የቋንቋው ስሪት እንድታዛውር አዘዟት። አዲሱ ያገኘውን ሁሉ በተራ አሰልፎ ይይዛል፤ አንድ ተጠይቆ ሁለት ካገኘ ግን አልሠራም ብሎ ቀጥ ይላል። በአንድ መስመር ልታስተካክለው ትችል ነበር። አላስተካከለችም። በሰው ፊት ሲያፍር ለማየት ቋምጣ፣ ስብሰባ እስኪጠራ ጠበቀች።

ሁሉም በተሰበሰበበት ቁልፉን ተጫነች። ፕሮግራሙ ቆመና ስክሪኑ ላይ «አንድ ተጠየቀ፣ ሁለት ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ኃላፊው ግራ ገብቷቸው፣ ታዲያ ከሁለቱ የአዘጋጅ ስሞች ትክክሉ የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። እሷ አራሚውን ትክ ብላ አየችው። አንጀቷ ቅቤ ሊጠጣ ነው።

አራሚው ተነሣ።

«ሁለቱም ትክክል ናቸው» አለ። «የፊተኛውን ሽፋን ያረምኩት እኔ ነኝ። ስሟ እንደሌለ አይቻለሁ። ስሜን ብቻውን ሳየው ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። አሁን የኔን አውጥታ የሷን ታስገባ።»

ሁለት ዓመት የቋጠረችውን ቂም ለመወጣት የሱን ስም የሚሰርዝ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ቀርቷታል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ዛሬም እንደምትወደው ያወቀችው ያኔ ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ስሟን አስቀድማ የሱን አስከትላ ጻፈችና ወጣች።

ደረጃው ላይ ደረሰባት። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብሎ ለመናት።

«ይቅር ያለህ ፕሮግራሙ ነው» አለችው። «አዲሱ ማንንም ዝም ብሎ አይጥልም። እኔ ግን ካንተ ተምሬያለሁ፤ እጥላለሁ።»

«ሁለተኛ ልሁን። ብቻ አትጣይኝ።»

ስምንት ወር አስለመነችውና አገባችው። ዛሬም ስትናደድበት በስሙ አትጠራውም፤ «ሁለተኛው» ትለዋለች።

«አቤት» ይላል።