የጽዮን ለት የተሰጣ ባና

አቶ ወልደ ሥላሴ የተገኙት ከገዛ መጋዘናቸው ውስጥ፣ በበግ ጠጉር ክምር ላይ ተደፍተው ነው። ማጅራታቸውን ተመትተዋል። ቀኑ ኅዳር ጽዮን፣ የመንዟ ዘመሮ ከተማ ከልጅ እስከ አዋቂ ታቦት ሊያነግሥ ወጥቶ ጭር ያለበት ቀን ነበር።

ከተማው እቴ፣ መርማሪ መች አስፈለገውና! የሟቹን የወንድም ልጅ፣ ሸማኔውን አንዷለምን፣ አንቆ አስረከበ። አንዷለም ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ገበያ መሐል «ሞትዎን ያሳየኝ» ብሏል፤ ንግሡ ላይም አልታየም። ይባስ ብሎ የመጋዘኑን ካሜራ ሸፍኖ የተገኘው እርጥብ ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ የእሱ እጅ ሥራ ነው።

«ምኑ ይጣራል?» አሏት በማግሥቱ ኢንስፔክተር የትምወርቅን፣ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። የቀየት አገር ልጅ ናት፤ ፊቷ አይፈታም፣ ሰውም ደስ ይበለው ብላ አታውቅም። አልፋቸው ወደ መጋዘኑ ገባች።

አስከሬኑ ከሆስፒታል ተመልሶ መጋዘኑ ግቢ አርፏል፤ ቀብሩ ዛሬ ነው። አንዷለም በካቴና ታስሮ አንድ ነገር ብቻ ይለምናል፤ ያሳደጉትን ሰው በእጁ መቅበር። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ቦጋለች ግን ፊቱ ላይ ተፉበት።

«ደሙን ጠጥተህ አፈሩንም ልታለብስ?» አሉት።

አንዷለም ባናውን ለአጎቱ ከሸጠ ሰንብቷል፤ መጋዘን ውስጥ ነበር። የጽዮን ለት አኩርፎ ቤቱ ተኝቶ ዋለ። ይህን ቢል ማን ይስማው!

መጋዘኑ ዘበኛ የለውም። አዲስ አበባ፣ አንድ የጥበቃ ድርጅት ቢሮ ውስጥ፣ ጽናት የምትባል ልጅ የካሜራውን ምስል በስክሪን ትከታተላለች። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ማንቂያው ይጮህባታል፤ እሷም ዘመሮ ላለው የድርጅቱ ሰው፣ ለምንይሉ፣ ትደውላለች። ትርፍ ቁልፍ ይዞ ሄዶ ማየት የእሱ ሥራ ነው። በአዘቦቱ ቀን የመጋዘኑ ሴቶች ባና አጥበው ግቢው ውስጥ ካሜራው ፊት ስለሚያሰጡ፣ በነፋስ በተውለበለበ ቁጥር መደዋወሉ የተለመደ ነበር።

ምንይሉ ሲጠየቅ አልተንተባተበም። የጽናት ስልክ የደረሰው ደጀ ሰላም ቆሞ ታቦቱን ሲያይ እንደሆነ አስረዳ፤ ታቦቱ ሲገባም ካህናቱ ሳይቀሩ አይተውታል። ወይዘሮ ቦጋለች ደግሞ ባላቸው የስለት ጃንጥላቸውን መጋዘን ረስተው ከመንገድ እንደተመለሱ ተናገሩ።

የትምወርቅ የባናውን ጫፍ ጨበጥ አደረገችው። እስካሁን አልደረቀም። ከዚያ ለጽናት ደውላ ብዙ አወራች፤ ሬሳው ሳይወጣም ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ሰዉ አጉረመረመ፤ ቀብር ታስተጓጉላለች ብሎ የረገማትም አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገች።

«ጽናት፣ ምን አየሽ?»

«ምስሉ ድንገት ጨለመ። ለምንይሉ ደውዬ ጨለመብኝ አልኩት። ‹ሴቶቹ ባና አጥበው አስጥተው ነው፣ ማንቂያውን ዝጊው› አለኝ። ዘጋሁት።»

«ከበስተኋላው ምን ይሰማሽ ነበር?»

«ምንም። ጭር ያለ ነበር።»

«ከሕዝቡ ራቅ ብዬ ነው ያነሳሁት» አለ ምንይሉ። «ሁልጊዜ ባና ስለሆነ ገመትኩ። መገመት ወንጀል ነው?»

የትምወርቅ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «የጽዮን ለት ባና ያጠበች ማን ናት?»

ወይዘሮ ቦጋለች አማተቡ። «በእመቤታችን በዓል? እንኳን ባና ሊታጠብ መርፌ አልተያዘም።»

«ሰማህ?» አለችው። «ጽናት ከአዲስ አበባ ሆና ይህን አታውቅም፤ አመነችህ። በአዘቦት ቀን ቢሆን እኔም አምንህ ነበር። አንተ ግን የመንዝ ልጅ ነህ። ታቦት ፊት ቆሜ ነበር ትላለህ፤ ሴቶቹም እዚያው እልል ይላሉ። ንጹሕ ሰው ቢሆን ‹ደሞ በጽዮን ማናባቱ ነው የሚያጥብ!› ብሎ ሮጦ ያያል። አንተን አልገረመህም። ራስህ ሰቅለኸው ምን ይግረምህ?»

ቀጠለች። ከተማው ባዶ ሲሆን ምንይሉ በትርፍ ቁልፉ ገባ። ነፋስ እንዳያነሳው ባናውን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ከጣሪያው በኩል በካሜራው ላይ አንጠለጠለው፤ የበግ ጠጉሩን ሰርቆ እያወጣ ሊጭን። ስልኩን ያነሳው እዚሁ ነው፤ ከበሮም እልልታም ያልተሰማው ለዚህ ነው። ወዲያው ሽማግሌው ለጃንጥላቸው ተመለሱ። ገድሏቸው ሲያበቃ ታቦቱ ሲገባ ለመታየት ሮጠ።

ምንይሉ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ዙሪያውን አየ። የሚረዳው ሲያጣ ጥርሱን ነከሰ።

«ለጃንጥላ ማን ተመለሱ አላቸው?» አለ።

ካቴናው ከአንዷለም እጅ ወልቆ ምንይሉ እጅ ገባ። አንዷለምን አንቆ ያመጣው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ፤ ይቅርታ ያለው ግን አንድም የለም።

«ና፣ ቃሬዛውን በራስጌው በኩል ያዝ» አሉት ወይዘሮ ቦጋለች አንዷለምን፣ ፊቱን ሳያዩ።

አንዷለም በአጠገባቸው አልፎ፣ የአጎቱን ራስጌ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።