የማዶው ወፍጮ

ቀናተኛ ሰው ራሱን ቀናተኛ ብሎ አያውቅም። "እኔ እንኳ ለሰው ክፉ አላስብም" ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ "ግን" ይላል። ክፋቱ ያለው ከዚያች "ግን" በኋላ ነው። የቄጠማ ዳር ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር አስናቀም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሥራ ወዳድ ነው፣ የማኅበሩን ንብረት አይነካም፣ ሰው ሲጣላ ያስታርቃል። ግን የሱሌማን ስም ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል።

ቄጠማ ዳር በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል፣ ከጣና ዳር ያለች መንደር ናት። ሐይቁ ወደ የብስ ገባ ብሎ ለሁለት ይከፍላታል። በወዲህ በኩል የእነ አስናቀ ወገን ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይተክላል፤ ከጓሮው አለፍ ብሎ ዳጉሳና በቆሎ ያርሳል። በማዶ ያሉት ሙስሊሞች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል ከሚሉት የሐይቅ ሸምበቆ ታንኳ ይሠራሉ። የወዲህኛው ቡና ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው በማዶኛው ታንኳ ነው፤ የማዶኛው ሰው የሚበላው እህልም ከወዲህ ይሄዳል። አንዱ ያለ ሌላው አንድ ወር አይከርምም ነበር።

ሱሌማን የማዶ ሰዎች አለቃ ነው። ከአስናቀ ጋር አንድ ዕድሜ ናቸው፤ ልጅ ሆነው አብረው ዋኝተዋል። የአስናቀ ቅናት የጀመረው ሱሌማን ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ጊዜ ነው። የሳር ክዳን ለሊቀመንበር አንሶት አያውቅም ነበር፤ ከማዶ የሚያበራ ጣራ ሲያይ ግን የራሱ ቤት አስጠላው። ከሁሉም የባሰው በእህል ነገር ነው። የሱሌማን ሚስት መዲና መፍጨት ትታለች። ሱሌማን ዓሣውን ባሕር ዳር ሲወስድ እህሏን አብሮ ይጭንና አስፈጭቶላት ይመለሳል። አንድ ቀን ለአስናቀ ሚስት ለውዴም እንዲሁ ላድርግላት ብሎ ጠየቀ። አስናቀ ዱቄቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብሎ መለሰው።

ዱቄቱ እንደማይሸት ያውቃል። ውዴም ታውቃለች። ሌላ ታንኳ ዱቄት አይጭንላትም፤ ያሉት ታንኳዎች ሁሉ የማዶ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ዓሣ ይጭናሉ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ታጎነብሳለች። ቀኝ ትከሻዋ ከመጁ ጋር ሲታገል ኖሮ ከዳትና ነጠላዋን እንኳ በግራ እጇ ታጣፋ ጀመር። አስናቀ ይህን ያያል፤ አይቶም ወደ ቡናው ይሄዳል።

የአብዮቱ አምስተኛ ዓመት ላይ ከባሕር ዳር አምባቸው የሚባል የልማት ባለሙያ መጣ። ሥራው የሐይቁ ዳር ሕዝብ በምን እንደሚኖር፣ ምን ሀብት እንዳለው አጥንቶ፣ የናፍጣ ወፍጮ የት ቢተከል እንደሚሻል ሐሳብ ማቅረብ ነው። አስናቀ ደስ ብሎት ይዞት ዞረ። ቡናውን አሳየው፣ ሎሚ ቆርጦ ሰጠው፣ ቀፎዎቹ ከተሰቀሉበት ጫካ አደረሰው። ሀገሩን ሲያወድስ ዓይኑ ውስጥ እውነተኛ ፍቅር ነበር። ከሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀንበር ጠልቃ ጣራው አያበራም ነበር፤ አምባቸው ከማዶ የሚወጣውን ጭስ ብቻ አየና እዚያ ማን እንደሚኖር ጠየቀ።

"ነዋሪ የለም" አለ አስናቀ። "ዓሣ ሲበዛ የሚመጡ፣ ዓሣ ሲጠፋ የሚሄዱ መንገደኞች ናቸው።"

ቀድሞ አስቦበት አልነበረም፤ አፉ ብቻ ነው የተናገረው። ባለሙያው ወደ ማዶ ቢሻገር የቆርቆሮ ቤቱን ያያል፤ ታንኳውን፣ የዓሣ ቋንጣውን፣ ያን ሁሉ ሥራ አይቶ ያደንቃል። ያ አድናቆት ነው አስቀድሞ ያንገበገበው። አምባቸውም መሽቶበት ስለነበር ሊቀመንበሩን አምኖ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። ነገሩን ለሕዝቡ ከመንገሩ በፊት ለአስናቀ በቤቱ ተቀምጦ አጫወተው። ወፍጮው ለቄጠማ ዳር አልሆነም፤ ሕዝቡ ስላነሰ የናፍጣውን ወጪ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ለነገ የጠራው ስብሰባ ይህንኑ ለማሳወቅ ነው። ውዴ ቆሎ ይዛ ገብታ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

"ያሳዝናል" አለ አምባቸው። "ከማዶ ያሉት ቋሚ ነዋሪ ቢሆኑ ኖሮ ሁለታችሁ ተደምራችሁ ትበቁ ነበር። ውኃውም በዚያ በኩል ጥልቅ ስለሆነ ናፍጣ የሚያመጣው ጀልባ እዳር ድረስ ይጠጋል። ወፍጮው የሚተከለው እዚያ ማዶ ነበር።"

አስናቀ አፉን ሊከፍት ነበር፤ "እዚያ ማዶ" የሚለውን ሲሰማ መልሶ ዘጋው። ወፍጮ በሱሌማን ደጅ ሲንኳኳ፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ እህሏን ተሸክማ ወደ ሱሌማን ስትሻገር ታየው። ከዚያስ ይቅር አለ በሆዱ። ባለሙያውን እስከ ደጅ ሸኝቶ ተመለሰ።

ውዴ የቆሎውን ሰሃን አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር። አንድም ቀን በባሏ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረገችም።

"እነ መዲና መንገደኛ ናቸው ብለው የነገሩት አንቱ ነዎት?" አለችው።

ሕዝብ የሚያስተዳድር ሰው ብዙ ነገር እንደሚያስብ፣ ወፍጮው ማዶ ቢተከል የወዲህኛው ሰው ለዓሣ አጥማጅ ደጅ ጠኚ እንደሚሆን አስረዳት። ውዴ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"እኔ ደጅ መጥናቱን እመርጣለሁ" አለች። "ነገ ስብሰባው ላይ ተነስቸ መናገር አቅቶኝ አይደለም። ግን ባሌን በሰው ፊት ዋሾ ማለት ከበደኝ። አንቱ ራስዎ ይናገሩ። ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።" ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የመጁ ድምፅ ተሰማ፤ ለራቱ ዱቄት አልነበረም። ትፈጫለች፣ ታርፋለች፣ ትከሻዋን ይዛ ታቃስታለች፣ እንደገና ትፈጫለች። አስናቀ ከዚያ ድምፅ ጋር ብቻውን ተቀመጠ። ያን ድምፅ ሃያ ዓመት ሲሰማው ኖሯል፤ እሱ ራሱ እያስፈጫት እንደሆነ ግን የገባው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ በእግሩ ማዶ ወረደ። ሱሌማን ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ደንገል ያስራል። አስናቀ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዛሬ ሰዎቹን ሰብስቦ ወደ ስብሰባው እንዲመጣ ጠየቀው። ሱሌማን ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው ሌላ ምክንያት ሊፈጥር አሰበና ተወው።

"እዚህ የሚኖር ሰው የለም ብየ ለባለሙያው ነግሬው ነው" አለ። "ቀንቸብህ ነው የዋሸሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ሱሌማን የያዘውን ደንገል ጥብቅ አድርጎ አሰረና ቀና አለ።

"አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው" አለው። "አንተም ቀብሩ ላይ ነበርህ። አፈር መልሰህ ነው የሄድህ።"

ለአስናቀ ሱሌማን ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ሱሌማን ግን ተነስቶ እጁን በሐይቁ ውኃ ታጠበና ሰዎቹን ሊጠራ ሄደ። መዲናን ለውዴ ትከሻ ስል እንጅ ለሱ ስል አይደለም ሲላት አስናቀ ሰማ፤ እንዲሰማው ተብሎም ነው የተነገረው።

የማዶ ሰዎች ሽማግሌ፣ ጎልማሳ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ሳይቀር በታንኳ እየተሻገሩ የማኅበሩን አዳራሽ ሞሉት። አምባቸው እየተገረመ እነማን እንደሆኑ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ጎረቤቶቹ እንደሆኑ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያ እንደሚኖሩ፣ የደበቃቸው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናገረ። ከወዲህኛው ሰው አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ በአስናቀ ውሸት ውስጥ የራሱን ሐሳብ ያገኘ ብዙ ሰው ነበር። ማኅበሩም ከሊቀመንበርነት አነሳው። አልተከራከረም።

አምባቸው ጥናቱን አርሞ አቀረበና ወፍጮው ከክረምቱ በኋላ ማዶ፣ ከሱሌማን ደጅ ብዙም ሳይርቅ ተተከለ። ሞተሩ በተነሳበት ቀን አስናቀ የዳጉሳውን ስልቻ ተሸክሞ ከውዴ ጋር በሱሌማን ታንኳ ተሻገረ። ቆርቆሮውን ሲያይ ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ። ቅናት እንደ ጉንፋን በሳምንት የሚለቅ በሽታ አይደለም። ግን ስልቻውን ከሌሎቹ ኋላ አስቀምጦ ተራውን ጠበቀ፤ ውዴ ከመዲና ጎን ተቀምጣ በግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን እያሸች ትስቃለች።

እናንት ይህን የምታነቡ፣ በየመንደራችን የሚቀረው ልማት ሁሉ በገንዘብ እጥረት የቀረ አይምሰላችሁ። ብዙው የቀረው "እኔ ሳላገኝ እሱ ከሚያገኝ ይቅር" በሚል ነው። አስናቀ በሱሌማን በቀናበት ጊዜ ሁሉ ከሱሌማን ቤት አንዲት ነገር አልጎደለችም። የጎደለው የውዴ ትከሻ ነው፤ እሱን ደግሞ ወፍጮው ቢመጣም አልመለሰውም።