ማደንዘዣው አለ

የጥርስ ሐኪሙና የእጮኛው ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው አንድ ሰው ያበጠ ጉንጩን ይዞ ክሊኒካቸው የመጣው። ሐኪሙ ገና በበሩ ሲያየው ደሙ ፈላ።

ረዳቱም እጮኛውም የሆነችው ነርስ ወዲያው ገባት። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ ዓይኑን ማንበብ ለምዳለች። መጀመሪያ የወደደችውም ዓይኑን ነው፤ ከጭንብሉ በላይ ሌላ ምን ይታያልና!

መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ጎተት አድርጎ አስገባት።

«እሱ ነው» አላት። «ፈተና ሰርቋል ብሎ በሐሰት የመሰከረብኝ።»

ታሪኩን ታውቀዋለች። በዚያ ምስክርነት ከኮሌጅ አራት ዓመት ተባረረ፤ እናቱ ምርቃቱን ሳታይ አለፈች። ስንት ቀን አብራው አልቅሳለች!

«ማደንዘዣ አልቋል በይው።»

«ምን?»

«አልቋል በይው! እንዲሁ እነቅልለታለሁ። አንድ ቀን ይቅመሳት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየውን እሷም አንድ ጥፊ ብታቀምሰው ደስ ይላት ነበር። ግን አምኖ አፉን የከፈተ ሰው እንዴት ይበደላል?

ወጣችና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ማደንዘዣው አለ፤ ሁለት ካርቶን» አለች።

ሐኪሙ ክው ብሎ ቀረ። መርፌውን ሞልታ ዘረጋችለት። እጇን አልሰበሰበችም። በመጨረሻ ተቀበላት።

ጥርሱ ሲወጣ ሰውየው ምንም አልተሰማው። ሐኪሙ ጭንብሉን ሲያወልቅ ግን ሰውየው አወቀው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሊናገር ቢሞክር ምላሱ ደንዝዟል፤ እንባው ብቻ ወረደ። ሐኪሙ ጥጥ አስነክሶ፣ «ትኩስ ነገር እንዳትጠጣ» ብሎ አሰናበተው።

በሩ ሲዘጋ፣ «ይቅር አላልኩትም» አላት።

«ይቅር በለው መች አልኩህ? እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። እኔ እንዳታሰቃየው ነው የፈለግሁት።»

«እምቢ ብልሽስ ኖሮ?»

«ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እሄድ ነበር።»

«ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት?»

«ሦስት ቀንም ቢቀረው።»

«እንግዲያው አትወጂኝም ማለት ነው።»

«አንተ ሞኝ!» ድምጿ ተሰበረ። «ዕድሜ ልኬን እያለቀስኩ እኖር ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ነው ራሱን ትከሻዋ ላይ የጣለው። ከተባረረባት ቀን ጀምሮ ያቆየውን ሁሉ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰው።

ተረኛው በር አንኳኳ። እሷ ጭንቅላቱን እየዳበሰች፣ «ትንሽ ይታገሡን» አለች፤ «አንድ ታካሚ ይዘናል።»