የጋሽ ገመቹ መሪ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ በቃልቻም፣ በዛርም፣ በምልክትም የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይኼንን ደግሞ የቀበሌያችን ካድሬ አይደለም ያስተማረኝ፣ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ፣ ጠዋት ያገኘሁት ሰው ገዴ አይደለም ብሎ ከመንገድ የሚመለስ ሰው ሳይ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር። ስለዚህ ይኼን ስትሰማ "ሰውዬው ድሮም ነካ ያደርገዋል" እንዳትለኝ፣ አደራ።

በደርግ ጊዜ፣ የሰሜኑ ጦርነት በባሰበት ሰሞን፣ ናዝሬት ውስጥ የመኪና ወንበር አለብስ ነበር። የተሰነጣጠቀ መሪም በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቆዳ እሰፋበታለሁ፣ በዚህ ሥራዬ ደግሞ ትንሽ ጉራ ነበረብኝ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የባለቤታቸውን የጋሽ ገመቹን መሪ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ጋሽ ገመቹ ከናዝሬት አሰላ በአሮጌ ፊያት ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው፣ በኋላ የጦር መኪና እንዲነዱ ታዘው ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ። ፊያቷም ቆማ ቆማ ዕቃዋ ተበትኖ መሪዋ ብቻ ቀረች።

"እሑድ ሊያስለቅሱኝ ነው" አሉኝ። "ወንድሞቹ ከደራ መጥተው፣ ሞቷል ብለው ቀን ቆርጠዋል። ፎቶ የለው፣ አስከሬን የለው፣ ሙሾ ሲወርድ መሪው ይያዛል አሉ። አሳምረህ ሥራልኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"እኔማ ምን እላለሁ ወንድሜ። ይኼን ይዤ ከወጣሁ በእጄ ቀበርኩት ማለት ነው። አልወጣም ካልኩ ደግሞ ለባሏ እንባ የነፈገች እባላለሁ።"

አንጀቴን በሉት። መሪው ላይ የጋሽ ገመቹ ጣቶች ዘመን ሙሉ ያረፉበት ቦታ በግራም በቀኝም ተበልቶ ጎድጉዷል፣ እኔም እንደ ሙያው ሞልቼ፣ አስተካክዬ፣ እንዲደርቅ በመሃል ቀዳዳው ትልቅ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ምሳዬን ልበላ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ሚስማሩ ሲጥ አለ። ዞር ስል መሪው ትንሽ ወደ ግራ ዞሯል። ነፋስ ነው አልኩ፣ ናዝሬት ውስጥ በነፋስ የማይሳበብ ነገር የለም፣ በሩ ግን ዝግ ነው። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ እመነኝ፣ ሹፌር ኩርባ ጨርሶ መሪውን እንደሚያቀናው አድርጎ ተመለሰ። ወዲያው የሆነ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፣ አቧራ የዋጠ ሰው የሚጠርገው ዓይነት፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ማንም የለም። የሚገርምህ ከፍርሃቱ ይልቅ ሆዴ ነው የባባው።

ጠጋ ብዬ ሳየው ስቱኮው ላይ ጣቶች ታትመዋል። የሞላሁት ጎድጓዳ እንደገና ጎድጉዷል፣ በግራም በቀኝም። እጄን ባሳርፍበት ጣቶቼ አልሞሉትም፣ ደግሞም ሞቅ ይል ነበር።

እትዬ አስካለ ወደ ማታ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጎድጓዳው ውስጥ አስገቡ።

"እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ በመጨረሻ። "ስትነካው ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሙቅ?"

"ሙቅ ነበር።"

ቆዳ ሳላለብሰው መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሉት። እሑድ ለቀስተኛው ሲሰበሰብ መሪውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ፣ የባላቸው ወንድሞች ቢለምኗቸው፣ ቢቆጧቸው አልሰጡም። "እጁ ለሞቀ ሰው አላለቅስም" አሉ፣ በቃ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰዎቹም ወደ ደራቸው ተመለሱ።

እኔ ናዝሬትን እስክለቅ ድረስ ጋሽ ገመቹ አልመጡም፣ መርዷቸውም አልመጣም። ለእትዬ አስካለ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፣ እኔም ትዝ ያለኝ መሪውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው፣ ስቱኮ ማድረቂያው ሲቀላቀልበት በራሱ ጊዜ ይሞቃል፣ ማንም ባይነካውም ይሞቃል። ልነግራቸው ስንት ጊዜ ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ፣ መንገድ መንገዱን ሲያዩ እያገኘኋቸው ሰላም ብቻ ብያቸው ተመልሻለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ስቱኮ እንደሚሞቅ አውቃለሁ፣ ጣት እንደሚያወጣ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።