ጡቡ ውስጥ የቀረው ባለጋሪ

በሮም፣ በጥንቱ የሠረገላ መሮጫ ፍርስራሽ፣ ፈረሶቹ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይነሣሉ። ሣር ከወረሰው ሜዳና ከጥቂት ጡብ በቀር የተረፈ ነገር የለም፤ አራቱ ፈረሶችም ብርሃን ናቸው። ጠባያቸው ግን የእውነት ነው። «ድምፅ ቆፋሪ» የሚባለው መሣሪያ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጡቡ የዋጠውን ኮቴና ጩኸት አውጥቶ ነው የሠራቸው።

ችግራቸው አንድ ነው፤ አይታጠፉም። ሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ቀጥ! በቃ፣ ንቅንቅ የለም። መሣሪያውን የሠራችው ኢንጂነር ትርንጎ ስድስት ዓመት ለፍታበታለች። ዛሬም ካልታጠፉ የቦታው አስተዳደር ማሽኑን ነቅሎ ሊጥለው ነው። ይባስ ብሎ አባቷ አቶ ጌጤነህ፣ የአዳማ የመጨረሻው ባለጋሪ፣ ሊጠይቋት መጥተው ከጎብኚዎቹ ፊት ተቀምጠዋል።

ፈረሶቹ ተነሡ። በኮቴው ድምፅ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሕዝቡ በደስታ አበደ። ጫፉ ጋ ሲደርሱ ግን ያው ቀጥ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጆሯቸውን አታዪም?» አሉ አባቷ። «ትእዛዝ እየጠበቁ እኮ ነው!»

«አባዬ፣ በሞቴ ተቀመጥ። ብርሃን ናቸው።»

«ብርሃንም ቢሆን ፈረስ ፈረስ ነው!»

ብድግ አሉና ምላሳቸውን ከላንቃቸው እያላቀቁ «ጧ! ጧ!» አሰኙ። አርባ ዓመት ሙሉ በአዳማ መንገድ ፈረሳቸውን ያዞሩበት ድምፅ ነው። የአራቱም ፈረሶች ጆሮ አንድ ላይ ዞረ። ከዚያ ታጠፉ! እሰይ! ልጅ አዋቂው ተነሥቶ «ጧ! ጧ!» ይል ጀመር፤ ፈረሶቹ የማንን ይስሙ? የአስተዳደሩ ኃላፊ ራሷ ኮፍያዋን ወደ ላይ ወረወረች።

ትርንጎ ግን ክው ብላ ቀረች። ይህን ድምፅ አምና ጡቡ ውስጥ ሰምታው ነበር። አባቷ ጋሪ እየነዱ በየቀኑ ይደውሉላት ስለነበር፣ «ውይ፣ የአባዬ ስልክ ቀረጻው ውስጥ ገባብኝ!» ብላ ሰረዘችው። አሁን ከተሰረዙት መካከል ፈልጋ አወጣችውና ዕድሜውን አየች። ሁለት ሺህ ዓመት።

አምና እንደሰረዘችው ነግራ ማዳመጫውን አባቷ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው። አቶ ጌጤነህ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ጧ፣ ጧ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ በማይገባቸው ቋንቋ ፈረሱን ቀስ ብሎ ያባብላል።

«ምነው ልጄ፣ ይህን የመሰለ ባለጋሪ ትሰርዢዋለሽ?»

«አንተ መስለኸኝ እኮ ነው፣ አባዬ!»

«ታዲያ የቱ ጋ ተሳሳትሽ?» አሉና እየሳቁ ወደ ፈረሶቹ ዞሩ።